መብራቱ እየበራ የሞተው ሣጥን

[ምስል፦ ወንዝ ዳር ምሰሶ ላይ የታሰረች ሣጥን፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል]

እስቲ ይህችን ሣጥን ተመልከቷት። የወንዙን ከፍታ በየ10 ደቂቃው እየለካች ትልካለች። መብራቷን ላየ ደህና ናት። ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድም ቁጥር አልላከችም። ጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒውተር ስታክ ሲያደርግ አጥፍተን እናበራዋለን፤ እዚህ ማን አለና?

ለዚህ የተበጀው መላ ዎችዶግ ታይመር ይባላል፤ እንደ ስሙ ጠባቂ ውሻ ነው። ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ቆጠራው ሳያልቅ እየደረሰ እንደገና ያስጀምረዋል፤ ውሻውን ያበላዋል እንበል። ምግቡ ከተቋረጠ ሲስተሙን ሪሴት ያደርገዋል፤ እንደገና ያስነሳዋል ማለት ነው።

ታዲያ የእኛዋ ሣጥን ዎችዶግ የላትም? አላት። ጥያቄው የሚያበላው ማን ነው የሚለው ነው። ፕሮግራመሩ የማብላቱን ትእዛዝ የጻፈው በየሰከንዱ በሚነሳ የታይመር ኢንተረፕት ውስጥ ነው፤ ዋናውን ፕሮግራም ለአፍታ አቋርጦ የሚሠራ አጭር ኮድ ነው። ዋናው ፕሮግራም የሞደሙን (የመላኪያ መሣሪያውን) መልስ ሲጠብቅ ደርቆ ቀርቷል፤ ኢንተረፕቱ ግን አልሰማም። መብራቱን ያበራል፣ ውሻውን ያጠግባል። ለእኔ ይሄ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል፤ ዎችዶግ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል።

ማብላት ያለበት ለክቶ፣ ልኮ ዙሩን የጨረሰው ዋናው ሥራ ነው። ሥራዎቹ ብዙ ከሆኑ እያንዳንዱ «ጨርሻለሁ» የሚል ምልክት ያስቀምጥ፤ ሁሉም ሲሟሉ ብቻ ውሻው ይብላ፣ ምልክቶቹም ይጥፉ።

[ምስል፦ ቀይ አፈር ላይ ያረፈች መንኮራኩር]

እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ፓዝፋይንደር ደጋግማ ሪሴት ታደርግ ነበር። በሰከንድ 8 ጊዜ በሚዞረው ዑደት ውስጥ አንዱ ሥራ ሌላው በጊዜው መጨረሱን ያያል፤ አልጨረሰም ካለ ሪሴት ነው። ያዘገየው ምን ነበር? ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ ሥራ ሥራዎቹ በየተራ የሚይዙትን የጋራ ቁልፍ እንደያዘ መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ይቀድሙታል፤ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ቁልፉን ሲጠብቅ ጊዜው ያልፋል። መሐንዲሶቹ ችግሩን ምድር ላይ ባለ ተመሳሳይ ሲስተም ደግመው ካዩት በኋላ ማስተካከያውን ወደ ማርስ ላኩ።

ሪሴት መድኃኒት አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ሣጥናችን በተነሳች ቁጥር መጀመሪያ የምትልከው የውኃውን ከፍታ ሳይሆን የተነሳችበትን ምክንያት ይሁን፦ ዎችዶግ ነው? ኃይል ተቋርጦ ነው? አብዛኞቹ ማይክሮኮንትሮለሮች፣ የእንዲህ ያሉ ሣጥኖች አንጎል የሆኑት ቺፖች፣ ይህን በራሳቸው ሬጅስተር (ትንሽ የማስታወሻ ቦታ) ይይዙታል፤ ማንበብ ብቻ ነው።

[ምስል፦ የሣጥኗ ክዳን ተከፍቶ፤ ሞደሙ በቅርበት]

አንድ ነገር ቀርቶናል። ዎችዶጉ ፕሮሰሰሩን አስነሳ፤ ሞደሙስ? ኃይሉ አልተቋረጠበትም፤ እንደደረቀ ነው። ፕሮሰሰሩ ተነስቶ ያንኑ ሞደም ይጠራል፣ ያንኑ ዝምታ ይጠብቃል። ለዚህ በሞደሙ የኃይል መስመር ላይ ፕሮሰሰሩ የሚያዛት፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የምትሠራ አንዲት ትራንዚስተር ትገባለች፤ 10 ሰከንድ ታጠፋዋለች፣ መልሳ ታበራዋለች።