ቲያጎ ሲልቫና አራተኛው የዓለም ዋንጫ

የተከበራችሁ የእግር ኳስ ወዳጆች፣ አሰልጣኝ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ታዳጊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ከነገ ወዲያ እሑድ ኳታር ላይ የ2022 የዓለም ዋንጫ ይጀመራል። ሰሞኑን የሜሲና የሮናልዶ የመጨረሻ ዓለም ዋንጫ ነው እየተባለ ብዙ ተወርቷል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ተከላካይ ልናገር ነው የመጣሁት። የተከላካይ ስም የሚነሳው ሲሳሳት ነው። በመሃል ተከላካይነት ተጫውቼ ስላደግሁ አውቀዋለሁ፤ ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ በትክክል የሠራኸውን ማንም አይቆጥርልህም።

ብራዚላዊው ቲያጎ ሲልቫ ባለፈው መስከረም 38 ዓመት ሞልቶታል። ይህ አራተኛው የዓለም ዋንጫው ነው። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ አንድም ደቂቃ ሳይጫወት ተመለሰ። በ2014 በገዛ አገሩ አምበል ነበር። በ2018 ሩሲያ ላይ ብራዚል ያደረገቻቸውን አምስቱንም ጨዋታዎች ተጫውቷል። አምስተኛ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ የለም።

ሩሲያ ለእሱ ሌላ ትዝታም አላት። በ2005 የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ ዲናሞ ሞስኮ በሚባለው ክለብ ውስጥ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ስድስት ወር ያህል ሆስፒታል ተኝቷል። ከቤተሰቡ ርቆ፣ ቋንቋው በማይገባው አገር። ኳስ ሊያቆም ወስኖ እንደነበርና እናቱ እንዳትተው ብላ እንደመለሰችው ራሱ ተናግሯል። ከዚያ የብራዚሉ ክለብ ፍሉሚኔንሴ ተቀበለው፤ ከዚያም ሚላን፣ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን፣ ቼልሲ። በፓሪስ ሰባት የሊግ ዋንጫ አነሳ። 36 ሊሞላው ሲል ያለ ዝውውር ክፍያ ለንደን ገባ፤ በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው በዌስትብሮም ላይ ኳስ ከእግሩ አምልጣው ግብ ተቆጠረ። በቃ፣ አርጅቷል ተባለ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ከተማ ላይ ከቼልሲ ጋር የቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ወሰደ።

አሁን ወደ 2014 ልመልሳችሁ፤ ዛሬ መናገር የፈለግሁትም በዚያ ምክንያት ነው። ቤሎ ኦሪዞንቴ፣ ብራዚልና ቺሊ በጥሎ ማለፉ 1 ለ 1 ጨርሰው ወደ መለያ ምት ሄዱ። አምበሉ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ኳስ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። የመቺዎች ተራ ሲወጣ የመጨረሻው አድርጉኝ፣ ከግብ ጠባቂውም በኋላ ብሎ ለመነ። ብራዚል አለፈች፤ እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልበ ደካማ የሚል ስም ወጣለት። እኔም ያኔ ፈርጄበታለሁ። አምበል እንዴት ፊቱን ይሰውራል ብያለሁ።

በሩብ ፍጻሜው ኮሎምቢያ ላይ በሰባተኛው ደቂቃ ግብ አስቆጠረ። ከዕረፍት በኋላ የኮሎምቢያው ግብ ጠባቂ ኦስፒና ኳስ ሊለጋ ሲል ፊቱ ቆሞ ከለከለው። ምንም የማይጠቅም ነገር። ቢጫ ካርድ፣ በውድድሩ ሁለተኛው፤ ስለዚህ ለቀጣዩ ጨዋታ ታገደ። ግማሽ ፍጻሜው በዚያው በቺሊው ጨዋታ ሜዳ ላይ ነበር፤ እሱ ውጭ ተቀምጦ ጀርመን 7 ለ 1 አሸነፈች። ያን ቀን እሱ ቢኖር ሰባት ግብ ይገባ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ግን የመሃል ተከላካይ አጣማሪው ዳቪድ ሉዊዝ ቦታውን እየለቀቀ ወደ ፊት ሲሮጥ ተመለስ የሚለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ አምበልነቱን ለኔይማር አስረከበ፣ ቆይቶም ከቡድኑ ወጣ። የብራዚል አሰልጣኝ የሆነው ቲቴ መልሶ ጠራው። በ2019 ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካና ስታዲየም ላይ የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ፣ ኮፓ አሜሪካን አነሳ፤ በ2021 እዚያው ሜዳ ላይ አምበል ሆኖ በፍጻሜው በአርጀንቲና ተሸነፈ። ያለቀሰውን ሰው ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሳ ስቆጥር ነው ፍርዴን የቀየርኩት።

ታዲያ ኳታር ላይ ምን ይጠብቀዋል? ብራዚል በማጣሪያው 17 ጨዋታ ሳትሸነፍ አለፈች፤ የገባባት አምስት ግብ ብቻ ነው። አጠገቡ ማርኪኞስ አለ፤ ፓሪስ ውስጥ ሰባት ዓመት አብረውት ተጫውተዋል፣ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። ውድድሩ በኅዳር መሆኑም ለእሱ ጥሩ ነው፤ እንደ ሌላው ጊዜ የክለብ ውድድር ካለቀ በኋላ ቢሆን የዓመቱን ድካም ተሸክሞ ነበር የሚመጣው።

የምፈራውን ደግሞ አልደብቃችሁም። ቲቴ አራት አጥቂዎችን አንድ ላይ ካሰለፈ ከተከላካዮቹ ፊት አማካዩ ካዜሚሮ ብቻውን ይቀራል። ብራዚል ኳስ በተነጠቀች ቁጥር የ38 ዓመት ሰው ከጀርባው ሰፊ ሜዳ ትቶ ሊሮጥ ነው ማለት ነው። ከ2002 ወዲህ ብራዚልን ከዓለም ዋንጫ ያስወጧት ሁሉ የአውሮፓ ቡድኖች ናቸው፤ በ2018 ቤልጂየም በመልሶ ማጥቃት ያስቆጠረችውን ሁለተኛ ግብ አንረሳውም። ይህ ክፍተት ካልተደፈነ የሲልቫ ብልሃት ብቻውን አያድናቸውም። ቢሆንም እኔ ቲቴን ብሆን በመጀመሪያ የምጽፈው የእሱን ስም ነው፤ አምበልነቱንም ለማንም አላዞርም።

ታዳጊዎች፣ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። የፊታችን ሐሙስ ብራዚል ከሰርቢያ ትጫወታለች። ከአራት ዓመት በፊት በዚያው ሰርቢያ ላይ ከማዕዘን ምት በጭንቅላቱ አግብቷል። እናንተ ግን ግቡን ተዉት፤ ለአምስት ደቂቃ ኳሷን ትታችሁ እሱን ብቻ ተመልከቱ። ኳስ ሌላ ጫፍ ላይ ሳለች አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ በእጁ የመስመር ተከላካዩን ይጠራል። ከዚያ ረጅሙ ኳስ ሲመጣ ቀድሞ እዚያ ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ ሸርተቴ ሳይገባ፣ ማሊያው ሳይቆሽሽ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ስንገናኝ ስንት ጊዜ አንገቱን እንዳዞረ እጠይቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።