መልህቁ ሳይነክስ ብርጭቆ አይነሳም

እንደምን አመሻችሁ። ከኮምቦልቻ ነው የምናገረው። ዛሬ ስለ ባሕር ዳር ቡና ቤቶች ላውራ። ባሕር ዳር ስል ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ማለቴ አይደለም፤ የጨው ውኃው ዳር ማለቴ ነው። በሸራ ጀልባ የካሪቢያንን ደሴቶች የሚዞሩ ሰዎች ሲመሽ የሚሰባሰቡባቸው ቤቶች።

«ወሎ ተራራ ሥር ተቀምጠህ ይሄ ከምን መጣ?» የሚል ካለ ካርታ ይዘርጋ። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ጣታችሁን በዚያው መስመር ወደ ምዕራብ ንዱት። አፍሪካን ጨርሱ፣ አትላንቲክን ተሻገሩ፤ ትሪኒዳድን ከታች፣ ግሬናዳን ከላይ ትታችሁ ቶቤጎ አጠገብ ትደርሳላችሁ። እዚያም ፀሐይ የምትጠልቀው እንደኛው 12 ሰዓት ግድም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል ወዲያ ወዲህ አትልም።

ደግሞ የኮምቦልቻ ሰው ይህን ዓይነት ቤት ያውቀዋል። ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከዚህ ተገንጥሎ ነው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚሄደው። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ ነበር፤ የጭነቱ መኪናም በዚህ ይመላለስ ነበር። ሹፌር ማደሪያውን ሲመርጥ ቢራው መቀዝቀዙን ብቻ አይጠይቅም። ራዲያተር የሚሞላበት ውኃ አለ ወይ? ጎሚስታው ቅርብ ነው ወይ? ከተቀመጥኩበት ሆኜ መኪናዬ ይታየኛል ወይ? ከቆላ የወጣ ሌላ ሹፌር ተቀምጦ ስለ መንገዱ ይነግረኛል ወይ? ቢራው የወንበሩ ኪራይ ነው።

የመርከበኛውም ቤት እንደዚያው ነው። ስለዚህ እኔ ቤቶቹን የምመዝነው ጀልባ ከሚቆምበት በኩል ነው። መጠጡ ኋላ ይደርሳል።

ከነፋሱ ልጀምር። በካሪቢያን ዋናው ነፋስ ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ደህና ሲሠራ ከ15 እስከ 20 ኖት ነው፤ ኖት መርከበኞች ፍጥነት የሚለኩበት ነው። ስለዚህ የደሴቶቹ ምሥራቅ ጎን በማዕበል ሲደበደብ ይውላል፤ ምዕራቡ ጎን ተራራው ከልሎት ፀጥ ይላል። ጀልባ የሚያድረው በፀጥታው በኩል ነው፤ ቡና ቤትም ጀልባ ያለበትን ተከትሎ ይከፈታል። እነዚያ ፀሐይ ብርጭቆ ላይ ስትጠልቅ የሚያሳዩ ፎቶዎች ሁሉ ከዚህ የመጡ ናቸው። ወንበሩን ወደ ምዕራብ ያዞረው ነፋሱ ነው። ግሬናዲንስ በሚባሉት ትናንሽ ደሴቶች ውስጥ፣ የቤኪያ ደሴት ወሽመጥ የሆነችው አድሚራልቲ ቤይ ጥሩ ምሳሌ ናት። አፏ ወደ ምዕራብ ነው፤ ዳር ዳሯን የእግር መንገድ ይዞራታል፤ ቤቶቹ በዚያ መንገድ ላይ ተደርድረዋል። እዚያ ሒሳቡ በምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው፤ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2.70 ለ1 የአሜሪካ ዶላር ታስሮ የቆየ ገንዘብ ነው። ምናሌ ላይ «ዶላር» ሲባል የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ማዘዝ ጥሩ አይደለም።

አሁን ወደ መልህቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምሽት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።

ብዙ ሰው መልህቅ ጀልባን በክብደቱ የሚይዝ ይመስለዋል። የ12 ሜትር ጀልባ መልህቅ 20 ወይም 25 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ጀልባዋ ግን ብዙ ሺህ ኪሎ ናት። የሚይዘው በመንከስ ነው፤ ልክ እንደ ማረሻ። ሞፈሩ ዝቅ ብሎ ሲጎተት ማረሻው አፈር ይገባል፤ ሞፈሩ ቀና ካለ ማረሻው አፈሩን ይለቅቃል። ሰንሰለቱ ሞፈሩ ነው። ረዝሞ ከተለቀቀ ወለሉ ላይ ተኝቶ መልህቁን ወደ ጎን ይጎትታል፤ መልህቁም እየጠለቀ ይሄዳል። ካጠረ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ ጀልባዋ በተኛችበት መንሸራተት ትጀምራለች።

ልኩ እንዲህ ነው። የውኃው ጥልቀት 5 ሜትር ነው እንበል። የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይቺን 1 ሜትር ብዙ ሰው ይረሳታል። ድምሩ 6። ሙሉ ሰንሰለት ከሆነ በ5 አባዙት፤ 30 ሜትር ይለቀቃል። ጫፉ ላይ ብቻ ሰንሰለት ያለው ገመድ ከሆነ በ7 ነው፤ 42 ሜትር። ነፋሱ ከበረታ ይጨመራል። የባሕሩ ከፍ ዝቅ ማለት እዚያ አካባቢ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነውና ብዙ አያሳስብም። ግን ጀልባዋ በዚያ 30 ሜትር ላይ እንደ ታሰረ በሬ ትዞራለች፤ ጎረቤት ጀልባ በዚያ ክብ ውስጥ መኖር የለበትም። ሁሉም ሲዞር እኩል ካልዞረ፣ አንዱ 20 አንዱ 40 ለቅቆ ከሆነ፣ ሌሊት መጋጨት አለ።

ከተለቀቀ በኋላ ሞተሩን ወደ ኋላ በቀስታ። ሰንሰለቱ እስኪወጠር መጠበቅ፣ ከዚያ ኃይሉን ጥቂት በጥቂት መጨመር። የሚቸኩል ሰው መልህቁ ሳይገባ ይጎትተውና አሸዋውን ቧጭሮ ይመለሳል። መንከሱን ለማወቅ የብስ ላይ ሁለት ነገር በአንድ መስመር ያዙ፤ ከፊት አንድ የዘንባባ ዛፍ፣ ከኋላ የአንድ ቤት ጥግ። ሞተሩ ወደ ኋላ እየሳበ ሁለቱ ካልተለያዩ ይዟል። እጃችሁን ሰንሰለቱ ላይ ብታኖሩም ይነግራችኋል። የነከሰ መልህቅ ሰንሰለት ይወጠርና ዝም ይላል፤ የሚንሸራተት መልህቅ ሰንሰለት መዳፍ ውስጥ ያንጎራጉራል፣ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጋሪ።

ወለሉ አሸዋ ይሁን። የባሕር ሣር ላይ መልህቅ እንደ ጭድ ላይ ይንሸራተታል። ኮራል ላይ፣ ሕይወት ባለው የባሕር ድንጋይ ላይ፣ መጣል ደግሞ ነውር ነው፤ በብዙ ቦታም ክልክል ነው፤ ለዘመናት ያደገውን ሰብሮ፣ ሰንሰለቱንም አጠላልፎ ያስቀራል። ውኃው ጥርት ያለ ስለሆነ መነጽር አድርጎ ዋኝቶ ማየት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጀልባ ላይ መቆየት። የጭነት መኪና ረዳት ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጎ ትንሽ ቆም ብሎ እንደሚያየው። ሰው ሁሉ ወዲያው ወርዶ ብርጭቆ ካነሳ ያቺ ጀልባ ባለቤት የላትም። ዳርቻ ከወረዱ በኋላም የምርጥ ወንበር ትርጉሙ አንድ ነው፦ የራስን ጀልባ የሚያሳይ።

ከትልቋ ጀልባ ወደ ዳር የሚወስደው ትንሿ የጎማ ጀልባ ናት፤ እነሱ ዲንጊ ይሏታል። የቡና ቤቱ ጥራት መጀመሪያ የሚታወቀው እሷ ስትደርስ ነው። የእንጨት መድረክ ካለ የአፍንጫዋ ገመድ 3 ወይም 4 ሜትር ሆኖ ይታሰር። አሳጥሮ የሚያስር ሰው በር ላይ መኪና ገትሮ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ኋላ የመጣው የሚገባበት ያጣል። ጥልቀቱ ከፈቀደ ሞተሩ ወደ ታች እንደሆነ ይቆይ፤ ወደ ላይ የተነሳ ሞተር ፕሮፔለሩ የጎረቤትን ጎማ ይበጣል። ማዕበል ባለበት ደግሞ ዲንጊዋ መድረኩ ሥር እንዳትገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውኃው ሲያነሳት ከላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ትጨፈለቃለች፤ እንጨቱ ደግሞ ሚስማር አለው። መፍትሔው ከመድረስ በፊት ከኋላ ትንሽ መልህቅ ጥሎ ማስቀረት ነው፤ ዲንጊዎች ከተጨናነቁ ግን ያ ገመድ የሌላውን ሞተር ስለሚጠልፍ መጀመሪያ ሌሎቹ እንዴት እንዳሰሩ ማየት ነው። የብረት ገመድና ቁልፍ በሞተሩም በነዳጅ ታንኩም ውስጥ አሳልፎ መቆለፍ አይቀርም። ሌባ ገነት አይመርጥም።

መድረክ የሌለበት አለ፤ አሸዋ ብቻ። የዚህ ዓይነቱ ዝነኛ ቤት ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ውስጥ፣ ጆስት ቫን ዳይክ በምትባል 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ደሴት፣ ዋይት ቤይ ላይ ያለው ሶጊ ዶላር ባር ነው። ስሙ «የራሰ ዶላር» ማለት ነው። መርከበኞች ዋኝተው ወጥተው ኪሳቸው ውስጥ በራሰ ብር ይከፍሉ ስለነበር ነው። ዋይት ቤይ ፊቷ ላይ የኮራል ድንጋይ አለ፤ መግቢያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ በታኅሣሥና በጥር ከሰሜን የሚመጣው ረጅም ማዕበል ዞሮ ሲገባ ደግሞ ማደር አይቻልም። ቀን ጎብኝቶ ሌላ ቦታ ማደር ነው። ዲንጊ አሸዋ ላይ ሲወጣ ማዕበሉን መቁጠር ነው፤ ትልልቆቹ አከታትለው ይመጡና ፋታ ይሰጣሉ፤ በፋታው መግባት። ውኃው ጉልበት ሲደርስ ሞተሩ ጠፍቶ ወደ ላይ ይነሳል። የወረደው ሰው በጀልባዋና በአሸዋው መካከል አይቁም፤ ማዕበል ስትገፋት በእሱ ላይ ነው የምታልፈው። ጎኗን ይያዝ።

እዚያው ደሴት ላይ ግሬት ሃርበር የሚባለው ወደብ አለ፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ፎክሲስ ባር የሚገኝበት። የዘመን መለወጫ ሌሊት ወደቡ በጀልባ ይሞላል። ጉምሩኩም እዚያው ነው። ከሌላ አገር የመጣ ጀልባ ቢጫ ባንዲራ ሰቅሎ፣ ካፒቴኑ ብቻ ፓስፖርትና ሰነድ ይዞ ወርዶ አስመዝግቦ፣ ያን ጊዜ ነው ሌላው ሰው የሚወርደው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ ባር የገባ ቅጣት ሊገጥመው ይችላል።

ባሩ ራሱ ጀልባ የሆነበትም አለ፤ ኖርማን ደሴት ላይ ዊሊ ቲ ይባላል። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. አይርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ነቅሎ ዳር ጣለውና ሌላ መርከብ ተተካ። እኔን የበለጠ የሚያስቀኝ ግን ዩኒየን ደሴት ላይ ክሊፍተን ወደብ የተሠራው ሃፒ አይላንድ ነው። ሰው በልቶ የሚጥለውን የኮንክ ቅርፊት፣ ያን ግዙፍ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ቆልለው ቆልለው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ደሴት ሠሩበት፤ ከላዩ ባር።

ካሪቢያን ውስጥ ከሰኔ እስከ ኅዳር ማለቂያ አውሎ ነፋስ የሚፈራበት ጊዜ ነው። ብዙ ጀልባ ያኔ ወደ ደቡብ፣ ወደ ግሬናዳ ይወርዳል። የሰሜኖቹ ቤቶች ግማሾቹ ይዘጋሉ፤ የግሬናዳ ደቡብ ዳርቻ ይጨናነቃል። ይሁን እንጂ ግሬናዳንም ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ የእሷኑ ደሴት ካሪያኩን ደግሞ ቤሪል የተባለው በ2024 እ.ኤ.አ. ደብድበዋቸዋል። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ አውሎ ነፋሶች የሚፈለፈሉት አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚያቋርጥ የአየር ሞገድ ነው፤ አነሳሱም ከዳርፉርና ከኢትዮጵያ ደጋ ወገን ነው። ሐምሌ ላይ ደሴን ጦሳ ሥር የሚሸፍናት ደመና ዘመዱ ሩቅ አገር ይኖራል ማለት ነው።

መጠጡ አልቀረም። የሶጊ ዶላር መጠሪያ የሆነው ፔይንኪለር ነው፤ «ሕመም ገዳይ»። አንድ እጅ 30 ሚሊ ሊትር ብትሉ፣ አናናስ 4 እጅ፣ ብርቱካን 1 እጅ፣ ጣፋጩ የኮኮናት ክሬም 1 እጅ፣ ጥቁር ረም 2 እጅ። ከበረዶ ጋር ተንጦ፣ ላዩ ላይ ገውዝ ይፈቀፈቃል። ረሙን ወደ 3 ወይም 4 እጅ ማሳደግም ልማድ ነው፤ እኔ በ4 አልስማማም፤ 120 ሚሊ ሊትር ረም ጁስ ውስጥ ተደብቆ ሲሄድ ምላስ አያውቀውም፣ ጉልበት ነው የሚያውቀው። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። በክሬሙ ፈንታ የኮኮናት ወተት ከገባ ይቀጥናል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ተፈጭቶ የከረመ ገውዝ ደግሞ አቧራ ነው፤ ፍሬው እዚያው ብርጭቆው ላይ መፈቅፈቅ አለበት። ገውዝ ግሬናዳ ባንዲራዋ ላይ የሳለችው ቅመም ነው። ወሎ ውስጥ መጠጥ የማይቀምስ ብዙ ነውና፦ ረሙ ቀርቶም ይሠራል፤ ብርቱካኑን ትንሽ መጨመር ነው ጣፋጩን የሚሰብረው። ዲንጊዋን የሚመልሰው ሰው መጠጣት ያለበትም ይህንኑ ነው።

መመለሻው ጨለማ ነውና። ወደብ ውስጥ 60 ጀልባ ካለ 60 ነጭ መብራት ምሰሶ ጫፍ ላይ ይበራል፤ ሁሉም አንድ ናቸው። ከመውረድ በፊት ከራስ ጀልባ ኋላ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀለም ያለው ትንሽ መብራት ማንጠልጠል ከሰው ጀልባ ላይ ከመውጣት ያድናል። ዲንጊ ላይም ነጭ መብራት ይብራ፤ ሌላው በፍጥነት ሲመጣ የጎማ ጀልባ አይታየውም። ሞተሩን የሚያጠፋው ቀይ ገመድ ከነጂው እግር ወይም አንጓ ጋር ይታሰር። ሰውየው ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል፤ ካልታሰረ ዲንጊዋ መሪዋ ዞሮ በክብ እየሮጠች ከነፕሮፔለሩ ወደ ወደቀው ሰው ትመለሳለች። ስልክና ፓስፖርት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይሁን።

ሲደርሱም ዲንጊዋን ከኋላ አስሮ መተኛት የለም። በማንሻው ገመድ ከነሞተሯ ከውኃው ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ትደረጋለች፤ የውኃ መውጫ ቡሿ ይነቀላል፣ ሌሊት ከዘነበ እንዳትሞላና ክብደቷ ገመዱን እንዳይበጥስ። ጠዋት ከመውረዷ በፊት ግን ቡሿን መልሶ መድፈን ነው፤ እሱን ረስቶ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ታገኙታላችሁ።