«ትዊስት» ስንት ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ (ከቨርጂኒያ)፦ ጤና ይስጥልኝ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። አንዲት እናት ቁርጭምጭሚታቸውን ይዘው «ትዊስት» አሉኝ። በዚያው ቀን ኃላፊዬ «ቃሌን ትዊስት አታድርጊ» አለችኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ልጄ ፀጉሯን ትዊስት ተሠርታ ጠበቀችኝ። ይህ ቃል ስንት ትርጉም አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሥሩ ያለው ከልጅዎ ፀጉር ላይ ነው፣ ከዚያው ልጀምር። ሹሩባ ሦስት ዘለላ ይፈልጋል፤ ትዊስት ግን ሁለቱን ዘለላ አንዱን በአንዱ ላይ እየጠመዘዙ መውረድ ነው። ቃሉም የተወለደው ከ«ሁለት» ነው። ሁለት የሚባለው «ቱ»፣ ሁለት ጊዜ የሚባለው «ትዋይስ»፣ መንታ የሚባለው «ትዊን» ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። በጥንቱ እንግሊዝኛ የመርከብ ምሰሶን በሚወጥረው ገመድ ስም ውስጥ ይገኛል።

እስኪ ሁለት ክር ይያዙና ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያክርሯቸው። ከዚያ ጎን ለጎን አድርገው ይልቀቋቸው። ክሮቹ ሊፈቱ ሲሉ ወደ ተቃራኒው ዞረው እርስ በርስ ይጠመዘዛሉ። ገመድ የሚጠብቀው በዚህ ነው። እኛም ክር ከማክረር ተነስተን «ነገር አከረረ»፣ «አክራሪ» ብለናል፤ እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም ከፈትል ወደ ጠባይ የተሻገረው። በሆላንዶች ቋንቋ በደች ደግሞ «ትዊስት» ጠብ ማለት ነው። ሁለት የሆነ ነገር ይያያዛል፣ ይለያያልም።

ስለዚህ ሲተረጉሙ የተጠመዘዘው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቁ። እግር ከሆነ «ወለም አለኝ» ነው፤ ቃል ከሆነ «አጣመመ»፤ በግድ የተያዘ እጅ ከሆነ «ጠመዘዘ»፤ የጠርሙስ ክዳን ከሆነ ማዞር ብቻ ነው። የእናቲቱን ወለምታ ግን እንደ ቃል ጥያቄ አይለፉት። እግራቸው ካበጠ ወይም መርገጥ ካቃታቸው ለነርሷ ወዲያው ይንገሩ።

አድማጭ (ከባሕር ዳር)፦ በፊልም ላይ የሚባለውስ?

መልስ፦ ታሪኩ በጠበቅነው መንገድ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ሲታጠፍ ማለት ነው። እኔ «እጥፋት» እለዋለሁ። «ጥምዝ» ብሎ መተርጎም አይጥመኝም፤ ተመልካቹ የሚሰማው ጥመት ሳይሆን መታጠፉ ነውና።

አድማጭ (ከአዲስ አበባ)፦ በወጣትነታችን ያየነው ዳንስስ?

መልስ፦ አባቴ፣ እሱም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ዘፋኙ ቸቢ ቼከር እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ከዘፈነው ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። እግር የሲጋራ ቁራጭ እንደሚያጠፋ ሰው መሬቱን ያሻል፣ እጅ ደግሞ ፎጣ ይዞ ጀርባ እንደሚያደርቅ ሰው ይመላለሳል። ወገብ ወደ ቀኝ ሲዞር ትከሻ ወደ ግራ ይሄዳል። ልክ እንደዚያ ክር።