አየር መንገዱ አውሮፕላን ለምን ይከራያል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አየር መንገዶች ረጅም ርቀት የሚበሩ አውሮፕላኖችን እየተከራዩ መስመራቸውን ስለሚያሰፉበት አሠራር በፕሮግራሙ ላይ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓት ያልበቃቸውን ጥያቄዎች እነሆ እዚህ ልመልስ።

«ትርፋማ ነኝ የሚል አየር መንገድ ለምን ገዝቶ አይገላገልም? ኪራይ አቅም ላጣ አይደለም ወይ?»

አይደለም። በዓለም ላይ ከሚበሩት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግማሽ ያህሉ የኪራይ ናቸው። ሀብታሞቹም ይከራያሉ። ንግዱም የቆየ ነው፤ በአየርላንድ ሻነን ላይ ጊነስ ፒት አቪዬሽን የተባለው አውሮፕላን አከራይ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የዛሬው ትልቁ አከራይ ኤርካፕም መቀመጫው ደብሊን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ገንዘቡ ሳይሆን ጊዜው ነው። ዛሬ ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 ልግዛ ብሎ ለፋብሪካው ያዘዘ ሰው ወረፋው ዓመታት ይፈጅበታል። አከራዮቹ ቀድመው አዝዘው ወረፋ ይዘዋል። ስለዚህ ተከራዩ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ አይደለም፤ ለወረፋውም ጭምር ነው። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ አዲሱ መስመር አላዋጣ ቢልም ኪራዩ አይቆምም።

«አንድ አውሮፕላን ተከራይቶ በየቀኑ የሚበር ሩቅ መስመር መክፈት ይቻላል?»

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። በረራው 12 ሰዓት ነው እንበል። መሄጃው 12፣ መመለሻው 12። ለማውረጃ፣ ለማጽጃ፣ ለነዳጅና ለመጫኛ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ሰዓት ስንጨምር 28 ይመጣል። ቀኑ ደግሞ 24 ነው። አለቀ።

በሳምንት ስንሄድበትስ? 168 ሰዓት ለ28 ሲካፈል ልክ ስድስት ዙር ይወጣል። ግን አንዲት ጎማ ብትበላሽ እንኳ ለመቀየሪያ የሚሆን ትርፍ ደቂቃ የለም። መነሻ ሰዓቱም በየዙሩ አራት ሰዓት ይገፋል። ዛሬ ጠዋት የተነሳው ነገ ከሰዓት፣ ከነገ ወዲያ ማታ ሊነሳ ነው። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ማን ቲኬት ይቆርጣል?

ስለዚህ ሁለት አውሮፕላን ያስፈልጋል። የሁለቱ ቀን 48 ሰዓት ነው፤ 28ቱ ሲነሳለት 20 ይተርፋል። ጎበዝ አየር መንገድ የሚለየው በዚህች 20 ሰዓት ነው። ጠጋ ያለ ሌላ መስመር ይሰካባታል። ሰነፉ ያቆመዋል፤ የቆመ አውሮፕላን ደግሞ ኪራይ ይቆጥራል።

አብራሪውስ? በረጅም በረራ ላይ በተራ እያረፉ የሚያበሩ ሦስት ወይም አራት አብራሪዎች ይሳፈራሉ። አውሮፕላን በውል ይመጣል፣ አብራሪ ግን በሥልጠና ነው የሚመጣው።

«ቲኬት የቆረጥኩት በአንድ አየር መንገድ ነው። በር ላይ የተቀበሉን ግን የሌላ ድርጅት ዩኒፎርም የለበሱ ናቸው። ተሸወድኩ እንዴ?»

አልተሸወዱም። ይህ ዌት ሊዝ ይባላል። አውሮፕላኑ ከነአብራሪው፣ ከነአስተናጋጁ፣ ከነጥገናውና ከነኢንሹራንሱ ይመጣል። ተከራዩ ነዳጁንና የማረፊያ ክፍያውን ይችላል። ውድ ነው፤ ለጥቂት ወራት ጭንቅ ማለፊያ ጥሩ ነው። ባዶ አውሮፕላን ተረክቦ በራስ ሠራተኛ ማብረር ድራይ ሊዝ ነው፤ ለሰፊ አውሮፕላን ውሉ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ይዘልቃል። ቅሬታዎ ግን ተገቢ ነው፣ አስቀድሞ ሊነገርዎት ይገባ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በረራውን የሚያካሂደው ማን እንደሆነ ለተሳፋሪ መንገር ግዴታ ነው።

«ኪራዩ ሲያልቅ ቁልፉን አስረክቦ መሄድ ነው?»

ቢሆንማ ምን ነበረበት! ተከራይ አሳሩን የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

አከራዩ መርማሪዎች ይልካል። ወንበር በወንበር ይታያል፤ የተቀደደ ምንጣፍ፣ የተጫረ መስኮት ይመዘገባል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ወረቀቱ ነው። በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ዲስኮች ዕድሜያቸው የሚለካው በዙር ነው፤ አንድ ጊዜ ተነስቶ ማረፍ አንድ ዙር ነው። ዲስኩ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የትኛው ሞተር ላይ እንደነበረና ስንት ዙር እንደሠራ መዝገቡ ሳይቆራረጥ ማሳየት አለበት። መሃል ላይ አንድ ወረቀት ከጠፋ፣ ብረቱ ደህና ቢሆንም እንኳ ዋጋ አያወጣም። ወረቀቱ እስኪገኝ ደግሞ ኪራዩ ይቆጥራል፤ ቅጣት የሚጨምሩ ውሎችም አሉ።

እኔን ከጠየቁኝ፣ አየር መንገዱ አውሮፕላኑን በተረከበ ማግስት መቅጠር ያለበት ጠንቃቃ መዝገብ ያዥ ነው። ለርክክቡ ሥነ ሥርዓት ኬክ የሚያዝ ብዙ ነው፤ ይህን የሚያስብ ግን ጥቂት።

«የምሳፈርበት አውሮፕላን የኪራይ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ሲገቡ የበሩን ፍሬም ልብ ይበሉ። በብዙ የኪራይ አውሮፕላኖች ላይ የባለቤቱ ወይም የአከራዩ ስም የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥና በየሞተሩ ላይም ትለጠፋለች። ሞተሩ ላይ ለምን ቢሉ፣ ሞተር ተፈትቶ የሌላ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ሊገጠም ይችላል፤ ያን ጊዜ የማን እንደሆነ የምትናገረው ያቺ ሰሌዳ ናት። ብቻ በሩ ላይ ቆመው አያንብቡ፤ ከኋላዎ ሻንጣ የያዘ ሰልፍ አለ።