ፍሬ በፍሬ መቁጠር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ቂሊንጦ ድረስ ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የማወራችሁ ኤክስሬይን ፍሬ በፍሬ ስለሚቆጥር የሲቲ ስካን ዓይነት ነው።

ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ስመጣ በአንድ ወፍጮ ቤት በር አለፍኩ። ባለወፍጮው ጆንያውን ሚዛን ላይ አውጥቶ ኪሎውን ይጽፋል፤ ጤፍ ይሁን ጠጠር ሚዛኑ አይለይም። ደጃፉ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። እያንዳንዷ ፍሬ በጣታቸው ሥር ታልፋለች።

የለመድነው የሲቲ ስካን ዲቴክተር፣ ማለትም ጨረሩን የሚቀበለው ክፍል፣ እንደ ሚዛኑ ነው። በታካሚው አካል አልፎ የመጣውን ኤክስሬይ መጀመሪያ ወደ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ የሚመዘግበው ድምሩን ብቻ ነው። ኖይዝ የምንለው ምስሉን የሚያበላሽ ትርፍ ምልክትም አብሮ ይደመራል።

ፎቶን ቆጣሪው ዲቴክተር ግን እንደ እናቲቱ ነው፤ ፎቶን ማለት የኤክስሬዩ አንድ ፍሬ ነው። መሃል ላይ ብርሃን አያስፈልገውም። ካድሚየም ቴሉራይድ በተባለ ሴሚኮንዳክተር ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሰጣል። አንድ ፎቶን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ይፈታሉ፣ ወደ ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ይሳባሉ፣ አንድ ምት ይወጣል። የምቱ ቁመት የፎቶኑን ጉልበት ይነግረናል። ከ20 ወይም ከ25 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ጉልበት መለኪያ) በታች ያለው ኖይዝ እንደ አቧራ በወንፊቱ ይወርዳል።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ በአንድ አባት ምክንያት ነው። የአንገታቸው የደም ሥር ጠቧል ተብለው መጡ፤ የደም ሥሩን በምስሉ ላይ የሚያጎላ አዮዲን ሰጥተን በሲቲ አነሳናቸው። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ካልሲየም ነጭ፣ በውስጡ የሚፈሰው አዮዲንም ነጭ! ድንበራቸው ተዋህዶ ጥበቱ ስንት እንደሆነ መለካት አቃተን። ሌላ ምርመራ ታዘዘና እኚህ አባት ከሱሉልታ እንደገና ተመላለሱ። አዮዲን ግን 33 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ጨረር የመዋጥ አቅሙ በአንዴ ይዘላል፤ ካልሲየም እዚያ ላይ አይዘልም። ጉልበቱን እየለየ የሚቆጥር ዲቴክተር ሁለቱን በአንድ ቅኝት ለመለየት ያስችላል። ምስሉም እስከ 0.2 ሚሊሜትር ይቀጥናል።

የመጀመሪያው ታካሚ በሲቲ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ነው። ለሙሉ አካል የሚሆን ፎቶን ቆጣሪ ሲቲ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2021 ነው። የመጀመሪያውን የሲቲ ማሽን ከሠራው ከሃውንስፊልድ ጋር በ1979 ኖቤል የተሸለመው አላን ኮርማክ ግን ሐሳቡ የመጣለት በ1956 ኬፕታውን ሆስፒታል ውስጥ፣ በትርፍ ጊዜ ሥራው ላይ ሳለ ነው። እዚሁ አህጉራችን ላይ ማለት ነው።

ገና ያልተፈታም አለ። ፎቶኖቹ ሲበረቱ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር በሰከንድ መቶ ሚሊዮኖች ይደርሳሉ፤ ሁለት ፎቶኖች ተደራርበው ሲገቡ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የአንዱ ፎቶን ኤሌክትሮኖችም ለሁለት ፒክስል ተከፍለው አንዱን ሁለት ያስመስሉታል። ይህን ለማረም የሚሠራው ሒሳብና ሲሙሌሽን ማሽኑ አጠገብ መሆንን አይጠይቅም። እዚህ ላቦራቶሪያችሁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ይጀመራል። መመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።