ጾም ነሽ መሰለኝ

እሺ። እየቀዳ ነው።

ባለፈው "የቢላ ድምፅ አሰማችኋለሁ" ብያችሁ ነበር። ብዙዎቻችሁ "የት ጠፋ?" ብላችሁኛል። ሌሎቻችሁ ደግሞ "ስለት ያለው ቢላ አገኘሽ ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። አግኝቻለሁ። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰማችሁት? በጥፍሬ ስነካው ነው። እንዴት እንደሚጮህ።

ድምፁንም ቀድቻለሁ። 34 ደቂቃ። ግን ዛሬ አላሰማችሁም። ለምን እንደማላሰማችሁ ነው የማወራው፤ ከቻልኩ።

ደብረ ታቦር ነበርኩ፣ እምዬ ጋ። የእምዬን ቢላ ታውቁታላችሁ። እኔ ሳልወለድ የተገዛ ነው። ከመሳል ብዛት ግማሹ አልቆ ቅጠል መስሏል። እጀታው ተሰንጥቆ በሲባጎ ታስሮ ነበር። እሱን ላስጠግን፣ ለእኔም አንድ ላሠራ ብዬ ሄድኩ። የእምዬን ቢላ የሠራው ሰው አርፏል። ልጁ ነው አሁን የሚሠራው። ልጁም ቢሆን ሸምግሏል። "ጋሼ" ነው የምለው፤ ስሙን አልጠራም።

ቢላውን ከነሲባጎው ሰጠሁት። አላየውም መጀመሪያ። በአውራ ጣቱ እጀታው ሥር ዳሰሰው። እዚያ ጋ ትንሽ እብጠት አለች፤ እኔ ሁልጊዜ ጉድለት ይመስለኝ ነበር። "የአባቴ እጅ ነው" አለ። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም።

ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮት የለውም። "ጋሼ፣ ትንሽ ብርሃን ቢኖር አይሻልም?" አልኩት። ሳቀብኝ። ብረት በቀለሙ ነው የሚታወቀው። መቅላቱን፣ ወደ ብርቱካን መሄዱን፣ መጥቆሩን ዓይን የሚለየው ጨለማ ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ ብታወጣው የጋለው ብረትና ያልጋለው አይለያዩም። ጨለማው መሣሪያው ነው ማለት ነው፤ እንደ ጉጠቱ፣ እንደ መዶሻው። እኛ ደግሞ ስንት ዘመን "እነሱ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማን ያውቃል" ስንል ኖርን። ይሄን ሳስብ ነበር እንግዲህ፣ በጣም ብልህ ነገር የገባኝ መስሎኝ፣ ከ23ኛው ደቂቃ በፊት።

ብረቱ ባሌስትራ ነው። የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ። ድሮ ከጋራዥ በቀላሉ ይገኝ ነበር አለኝ። አሁን ቁራጭ ብረት ሁሉ ተሰብስቦ ለፋብሪካ ይሸጣል፤ ቀልጦ የፎቅ ፌሮ ይሆናል። ከማን ጋር እንደሚሻማ አስቡት። ከሰልም እንደዚያው። የግራር ከሰል ጠፍቷል። የባህር ዛፉ ደግሞ ቶሎ ነዶ ያልቃል። አንድ ቢላ ለማውጣት ስንት ጊዜ እሳት ውስጥ እንደገባ ቆጥሬ ነበር፣ 14 ላይ ጠፋብኝ። ያንን ሁሉ ከሰል ከቢላው ዋጋ ቀንሱት። ሱቅ ውስጥ ያለው የቻይና ቢላ ከእሱ በርካሽ ይሸጣል፤ በወሩ ይደንዛል፣ ግን ርካሽ ነው። እንዲህ ያለውን ሲያስረዳኝ አላማረረም። ዓይኑ ግን ቀልቷል። ጭሱ የሚወጣው በበሩ ነው።

ወናፉን የሚነፋው የጋሼ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መጥቶ ደብተሩን ግድግዳ ላይ ሰካና ተቀመጠ። ሁለት የፍየል ቆዳ አለ። አንዱን ሲጫን አንዱን ይከፍታል፤ ፉ፣ ፉ፣ ፉ፣ ፉ። አያቋርጥም። ድምፁ የሚተኛ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ላሰማችሁ የፈለግሁት እሱን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ውሃ ማጠጣቱ ላይ ልጁንም አስቆመው። የቢላውን አፍ ብቻ ነከረ። ጀርባው እንደጋለ ቀረ። ከዚያ አወጣና ጠበቀ። የጀርባው ሙቀት ቀስ ብሎ ወደ አፉ ይመለሳል። ያ ካልሆነ ስለቱ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በጣም ከተመለሰ ደግሞ ይለሰልሳል፣ አይቆርጥም። የምትይዘው ቅጽበት አለች። ሰዓት አላየም። ቀለሙን ብቻ። "አሁን" አለና ሁሉንም ውሃ ውስጥ ከተተው። ሺሺሺ አለ። ይሄም ቀረጻው ላይ አለ፤ 21ኛው ደቂቃ።

ከዚያ ባለቤቱ ቡና አቀረቡ። እሳቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ጀበናው የእጃቸው ሥራ ነው። ዳቦም መጣ።

አሁን እነግራችኋለሁ።

23ኛው ደቂቃ ላይ ወናፉ ይቆማል። ልጁ ይስቃል፤ በምን እንደሳቀ አላውቅም። ሲኒ ይንኳኳል። ጋሼ "እንካችሁ" ይላል ለልጁና ለባለቤቱ። ከዚያ ለእኔ፣ "ቅመሽ ልጄ።" ዳቦውን ቆርሶ፣ በእጁ። እጁ ከሰል አለበት፤ ግን እሱ አይደለም። እኔ መንገድ ላይ ስንት ነገር የምበላ ሰው ነኝ።

ከዚያ ዝምታ ነው። ቆጥሬዋለሁ። አራት ሰከንድ።

እጄ አልሄደም። ማለቴ... ምንም አላሰብኩም። "ቡዳ" የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም፤ እምላለሁ። በዚህ አላምንም። ስንት ጊዜ እዚህ ማይክ ፊት ስለዚህ ጉዳይ ጮኬ አውርቻለሁ። እጄ ግን ጭኔ ላይ ቀረ። የማን እጅ ነበር? ልጅ ሆኜ በዚያ ቤት በር ስናልፍ እምዬ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣል ታደርግብኝ ነበር። የነጠላው ሽታ ትዝ ይለኛል። ጭስና አሪቲ። በጣም የምወደው ሽታ ነው። ይሄ ነው የሚያስጨንቀኝ፤ የምወደው ሽታ መሆኑ።

አራት ሰከንድ። ከዚያ የእሱ ድምፅ፣ በጣም በለሰለሰ ቃና፦ "ጾም ነሽ መሰለኝ።"

የእኔ ድምፅ፦ "አዎ።"

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ መሆኑ ይቅር፣ በዓለ ሃምሳ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ ነው "ጾም ነሽ መሰለኝ" ያለኝ። እሱ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ልጁ ራሱ ያውቃል፤ መሳቁን አቁሟል። ጠዋት ደግሞ እምዬ ስንት እንቁላል እንዳበላችኝ ለባለቤቱ አውርቼ ነበር፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጬ።

ሰበብ ሰጠኝ እኮ። ገባችሁ? የተሰደበው እሱ፣ እንዳላፍር ሰበብ ፈልጎ የሰጠኝ እሱ። አፍታ አልወሰደበትም። ለስንት ሰው እንዲህ ቢል ነው እንዲህ የፈጠነው?

ተመልሼ ስሄድ በጋፋት በኩል አለፍን። ጋፋት ማለት አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል እዚያ ነው የተሠራው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው። አምሳያው ፒያሳ ሲወረድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አለ፤ ፎቶ ያልተነሳበት ማን አለ? መድፍ ያስቀለጠውን ንጉሥ እንወዳለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጎረቤት... ተውት።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን በሥራው አትስደቡት የሚል። መቶ ዓመት አለፈው። ስድቡ ቀንሷል፤ ከተማ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚሳደብ ሰው ብዙም የለም። እኔም አልተሳደብኩም። አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። አዋጁ እኔን አይነካኝም ማለት ነው። አራት ሰከንድ ዝም ማለትን የሚከለክል አዋጅ የለም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ አሪ ሕዝብ አነበብኩ፤ ደቡብ ኦሞ ያሉት። እዚያም ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ አይጋቡም። ቀጥቃጮቹ ከሌላ ዘር የመጡ፣ ከገበሬው በፊት የነበሩ አዳኞች ናቸው የሚል ግምት ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ሌላ ነገር አገኘ። አንድ ነበሩ። የተለያዩት ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ዛሬ በደማቸው ላይ የሚታየው ልዩነት የመጣው በመገለላቸው ነው፤ እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ ስለኖሩ። ሌላ ስለሆኑ አልተገለሉም። ስለተገለሉ ነው ሌላ የመሰሉት። ይሄንን አንብቤ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ።

እምዬን ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ስገባ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰላችሁ? "እዚያ ምንም አልቀመስሽም አይደል?" አልቀመስኩም አልኳት። "ጎሽ" አለችኝ። ጎሽ! የሆዴን ነገር አትጠይቁኝ። ከዚያ ቢላዋን አየችው። አዲሱን የቀንድ እጀታ ጨበጠችው፣ ለቀቀችው፣ ጨበጠችው። "እንደዚህ ያለ እጅ የትም የለም" አለች። "አባቱም እንደዚህ ነበር። ለሠርጌ በሬው የታረደው በእሱ አባት ካራ ነው።" እንባዋ መጣ። የእውነት እንባ ነው። ታከብረዋለች። ዳቦውን ግን አትበላም። ሁለቱም አንድ ደረት ውስጥ አሉ፣ ሳይጋጩ። እኔ ጋም ያሉ ይመስለኛል፤ እኔ ጋ ግን... አላውቅም። 84 ዓመቷ ነው። ምን ልበላት?

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እርግጠኛ ያልሆንኩበት። ስከፍለው ጨምሬ ሰጠሁት። መልሱን ቆጥሮ መለሰልኝ፣ እስከ ሳንቲሙ። ቢላውን በእጀታው በኩል ሲያቀብለኝ ደግሞ "ይያዙ" ያለኝ ይመስለኛል። ይያዙ። ቅድም "ልጄ" ነበርኩ፣ "አንቺ" ነበርኩ። "የአባቴን እጅ ይዘሽልኝ መጣሽ" ብሎኝ ነበር። ከዳቦው በኋላ "እርስዎ" ሆንኩ። ወይስ እኔ ነኝ የጨመርኩት? በድንጋጤ የሌለ ነገር ይሰማል።

ቀረጻው ላይ ይኖራል። ስልኩን ያጠፋሁት መኪና ውስጥ ገብቼ ነው።

ከ"አዎ" በኋላ ያለውን ግን አልሰማሁትም። 23ኛው ደቂቃ ላይ አቆመዋለሁ፤ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፤ ወናፉን እሰማለሁ፣ ልጁ ይስቃል፣ "ቅመሽ ልጄ" ይላል፣ አራት ሰከንድ፣ ከዚያ አጠፋዋለሁ። 11 ደቂቃ ይቀራል።

ዛሬ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። ከእናንተ ጋር ሆኜ፣ እዚህ። ስልኩም እጄ ላይ ነው...

ቆይ።