ቶስካ፣ ቢላዋውና የእኔ መነጽር

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ወሬያችን አንድ የቴሌቪዥን ቀረጻ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964፣ በእኛ የካቲት 1 ቀን 1956፣ ለንደን ውስጥ በኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት ዘፋኟ ማሪያ ካላስ የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የፑቺኒን ኦፔራ «ቶስካ» ሁለተኛ ገቢር ስትጫወት…

እሷ፦ አቋረጥሁህ፤ መጀመሪያ ስለ መነጽሬ ልናገር።

እሱ፦ ምነው፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ!

እሷ፦ ታገሰኝ፣ ይገናኛል። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤት ድራማ የንጉሥ ልጅ ሆኜ ነበር። መምህራችን «የንጉሥ ልጅ መነጽር አታደርግም» ብለው አስወለቁኝ። እኔ ያለ መነጽር ሰውና ግድግዳ አልለይም። አባቴ እግር ላይ ወድቄ ምሕረት መለመን ነበረብኝ። ወደቅሁ፣ አለቀስሁ፣ ለመንሁ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ለካ የወደቅሁት ከመጋረጃው አጠገብ በተቀመጠው ከበሮ ፊት ነው!

እሱ፦ ከበሮው ማረሽ?

እሷ፦ ዝም አለ። ንጉሡም ቃሉ ጠፍቶበት ዝም ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ልዩነት የለውም።

እሱ፦ ወደ ለንደን እንመለስ?

እሷ፦ እዚያው ነኝ። ካላስም የሩቁን አታይም ነበር። መነጽሯን አውልቃ መድረክ ላይ ስትወጣ ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው እጅ አይታያትም። ስለዚህ ሙዚቃውን በጆሮዋ ይዛ፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ያሉበትን አጥንታ ትገባለች። አንድ ጊዜ በልምምድ ላይ ወደ ሻማው በጣም ተጠግታ አርቴፊሻል ጸጉሯ መጤስ ጀመረ። ቲቶ ጎቢ የሚያቅፋት መስሎ እሳቱን በእጁ አጠፋው። ጨዋታው አልተቋረጠም። ይህን የተረከው ጎቢ ራሱ ነው።

እሱ፦ ጎቢ ማን እንደሆነ አልነገርንም። የሮም ፖሊስ አዛዥ የሆነውን ስካርፒያን የሚጫወተው ባሪቶን፣ ማለትም መካከለኛ ውፍረት ያለው የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ፣ ነው። ታሪኩ የሚሆነው በ1800 ነው። ስካርፒያ ራት ቀርቦለት ተቀምጧል…

እሷ፦ በጎን ባለው ክፍል ደግሞ ካላስ የምትሆናትን የቶስካን ወዳጅ፣ ሠዓሊውን ካቫራዶሲን፣ አንድ ያመለጠ እስረኛ የት እንደደበቀ እንዲናገር ያሠቃዩታል። ጩኸቱን ስትሰማ አልቻለችም፤ የተደበቀው እስረኛ የአትክልቱ ቦታ ጕድጓድ ውስጥ እንዳለ ተናገረች። ከዚያ ስካርፒያ የወዳጇን ነፍስ በገላዋ ሊሸጥላት ተደራደረ።

እሱ፦ ራቱን ግን በላው?

እሷ፦ አንተ ደግሞ! ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስካርፒያ የይለፍ ወረቀት ሊጽፍ ጀርባውን ሰጥቷል። እርሷ ወይን ልትጠጣ ወደ ጠረጴዛው ትሄዳለች፣ ብርጭቆውን ታነሣለች፣ ከዚያ ዐይኗ ቢላዋው ላይ ያርፋል። ይኸው ነው። አትጮኽም፣ አትደነግጥም። ሐሳቡ ሲወለድ በፊቷ ላይ ታየዋለህ። እኔ ሃያ ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ፤ በየጊዜው «አሁንስ ትተወው ይሆን?» እላለሁ።

እሱ፦ ትወናውን አልክድም። ድምፁስ? በ1964 ከፍ ያሉት ድምፆች ይንቀጠቀጡባታል። በ1953 ሚላን ውስጥ ከዚሁ ከጎቢ ጋር ያስቀረጹትን ሸክላ ስሚ፤ መሪው ቪክቶር ደ ሳባታ ነው። እዚያ ድምፁ ምሉእ ነው።

እሷ፦ ሸክላው ላይ ቢላዋው አይታይም።

እሱ፦ ኦፔራ የጆሮ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ልብስና ጠረጴዛ ለምን አስፈለገ? የትርኢቱ አዘጋጅ ዜፊሬሊ ያን ሁሉ መድረክ ያዘጋጀው ዐይናችንን ጨፍነን እንድንቀመጥ ነው?

እሱ፦ እሺ፣ እኩል በእኩል እንበለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ገቢር ብቻ መቀረጹ። የመጀመሪያው ገቢር ቤተ ክርስቲያን የለም፣ በመጨረሻ ከምሽጉ ላይ የምትወረወርበትም የለም። ካላስ አንድ ኦፔራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትጫወት የሚያሳይ ፊልም በጭራሽ የለንም። በዓመቱ፣ በጁላይ 1965፣ እዚያው ቤት ይህንኑ ቶስካን ተጫውታ ከኦፔራ መድረክ ወረደች።

እሷ፦ አንዱ ገቢር ይበቃኛል። ከገደለችው በኋላ ያለውንስ አየኸው? ሻማዎቹን በግራና በቀኙ ታቆማለች፣ መስቀል ደረቱ ላይ ታኖራለች። እየተንቀጠቀጠች፣ ግን እንደ ደንቡ። በጠላቷ ሬሳ ላይ!

እሱ፦ ሻማ? ያለ መነጽር? ያን ሁሉ እሳት ካየች በኋላ?

እሷ፦ ያለ መነጽር። እኔ ብሆን ሻማውን የማቆመው ወንበሩ ላይ ነበር።

እሱ፦ ራቱስ?

እሷ፦ ሳይጨርሰው ሞተ። አሁን ረካህ?

እሱ፦ ረካሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የ1953ቱን ይዤ እመጣለሁ፤ ዐይንሽን ጨፍነሽ ትሰሚያለሽ።

እሷ፦ መጨፈን አያስፈልግም፣ መነጽሬን ማውለቅ ይበቃል።